አብሮ የሚመጣ ሰው

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የደወለው ሰውዬ ለልብስ ሰፊዋ የገዛ ራሷን ስልክ ቁጥር አነበበላት። መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። ሰውዬው በሩቅ ከተማ ያለ የአንድ ትንሽ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ይቅርታ ማብዛት የሚወድ፣ ከትናንት ጀምሮ ሦስት ጊዜ የደወለ። ልጆቿ የሠሩትን የታካሚዎች መመዝገቢያ ፕሮግራም ለመጫን ሲታገል ሰንብቷል። ትናንት አመሻሽ ላይ ሲደክመው «መመሪያው ላይ ያለውን ምሳሌ እንዳለ ገልብጠው፣ የራስህን ነገ ጠዋት ረጋ ብለህ ትተካበታለህ» ብላው ነበር። ሰውዬው ታዛዥ ነውና እንዳለ ገለበጠው። አሁን የሚነግራትን ነገር ግን ከዚህ በፊት ከደወሉት ሰዎች ማንም ነግሯት አያውቅም። ፕሮግራሙ ሠርቷል፤ ጣጣው መሥራቱ ነው። ባዶ መሆን የሚገባው መዝገብ በማያውቃቸው ሰዎች ተሞልቷል፤ ከስምንት መቶ በላይ ካርድ። ግራ ቢገባው ከላይ ያለውን አንዱን ከፈተ። ሴት፣ ስልሳ አራት ዓመት፣ ልብስ ሰፊ፣ የቀኝ ዓይን ሞራ፣ ሐሙስ ጠዋት ቀዶ ጥገና፣ «ከቤተሰብ አንድ ሰው ይዘው ይምጡ» የሚል ማስታወሻ፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር።

«እናቴ፣» አለ ሰውዬው፣ «ይሄ እኮ አሁን የደወልኩበት ቁጥር ነው። እርስዎ ነዎት እንዴ?»

የደንበኛ ሱሪ አንድ እግሩ መርፌው ሥር እንደገባ ቀረ። ዝጋው ልጄ አለችው። ዘግቼዋለሁ አለ፤ ከዚያች ካርድ በቀር ሌላ እንዳላየ፣ ያየውንም ለማንም እንደማይተነፍስ ማለላት፤ ይቅርታውንም ደረደረው። ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆንማ መች ይደውል ነበር። መልሳ እስክትደውልለት ድረስ ኮምፒውተሩን እንዳይነካ ነገረችውና ስልኩን ከመርፌ መሰኪያው አጠገብ አስቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

ልብስ ሰፊ እንዴት የኮምፒውተር ጥያቄ መላሽ ሆነች ቢባል ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ የሚሰጠው በነጻ ነው። ኮዱም፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ኢንተርኔት በሚባለው ሜዳ ላይ የተሰጣ ነው፤ የፈለገ ሰው ከፈለገው አገር ሆኖ ያነበዋል፣ ይወስደዋል፣ ስህተት ካየ አርሞ ይልከዋል። በዚህ ዓይነት ሠላሳ ያህል ጤና ጣቢያዎች ወስደውታል። በመመሪያው ግርጌ «እርዳታ ካስፈለገ» ብሎ የእናቱን ስልክ የጻፈው ማሙሽ ነው፤ እሱ ስልክ ማንሳት ይፈራል፣ እህቱ ሚጡ ደግሞ ታነሳና ትቆጣለች። ማሙሽ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ሚጡ ሃያ ዘጠኝ ሞልቷታል፤ ቤት ውስጥ ግን ያው ማሙሽና ሚጡ ናቸው። እናትየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ለደዋዩ ሁሉ «ልጆቹ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ» ትል ነበር፤ ልጆቹ ግን የትም አልሄዱም፣ ግራና ቀኝ በራቸውን ዘግተው ነው የሚውሉት። እየቆየች ጥያቄው ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑን ደረሰችበት። የሰው ወገብና ትከሻ ልክ በምትመዘግብበት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ አራት ነገር ጻፈች። ፕሮግራሙ ዳታቤዙን፣ ማለትም ካርዶቹ የተቀመጡበትን መዝገብ ለማግኘት አራት ነገር ይነገረዋል፤ መዝገቡ የሚኖርበት ኮምፒውተር አድራሻ፣ የሚገባበት በር ቁጥር፣ የሚገባው ሰው ስም፣ የይለፍ ቃሉ። «ሰው ቤት ስትሄድ ምን ትጠይቃለህ?» ትላቸዋለች። «ቤቱ የት ነው፣ የቱን በር ላንኳኳ፣ ማን ነኝ ልበል፣ ምልክቴስ ምንድን ነው።» ማሙሽ አስራ ሁለት ገጽ መመሪያ ጽፎ ያልገባቸው ሰዎች በዚህ ይገባቸዋል።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ማሙሽ በጓሮ በኩል ያለውን ክፍል ይዟል፣ ሚጡ በደረጃው በኩል ያለውን፣ መሀል ሳሎኑ የእናትየው ነው፤ የስፌት መኪናዋ፣ ሰፊው የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ደንበኛ ልብስ የሚለካበት ቁመተ ረጅም መስታወት፣ ከፊቱ የሚሳብ መጋረጃ። ከማሙሽ በር እስከ ሚጡ በር አስራ አንድ እርምጃ ነው። ሦስት ወር ሙሉ አንዳቸውም አልተራመዱትም። ጠቡን ያመጣው ደግሞ ይኸው የይለፍ ቃል ነበር። ሚጡ አንድ ቀን ተቻኩላ ስትሠራ፣ የሰፈራቸው ጤና ጣቢያ የሚሠራበትን እውነተኛ ቃል የያዘ ፋይል ከኮዱ ጋር ቀላቅላ ሜዳ ላይ አወጣችው። ማሙሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ አየው፣ ቃሉን ቀየረው፣ ጉዳት ሳይደርስ ቀረ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት። እሱ ግን በሥራዋ ሥር፣ ዓለም ሁሉ በሚያነበው ቦታ፣ «የሰው ገበና በልጅ እጅ አይሰጥም» ብሎ ጻፈ። አስራ አራት የማታውቃቸው ሰዎች «ልክ ነው» የሚል ምልክት አደረጉለት። እናትየው ከዚህ ሁሉ የገባት አንድ ነገር ነው፤ ቤት ውስጥ የሚባል ነገር አደባባይ ተባለ። በማግስቱ ሥራውን እንደተፋቱ ባልና ሚስት ተካፈሉት። እሱ ዳታቤዙንና መመሪያውን ወሰደ፤ እሷ ፕሮግራሙንና ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ሰርቨር የተባለ ኮምፒውተር። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆነው፣ «ሳሙና አልቋል በያት»፣ «ውሃው ይፍላ ወይ ብለሽ ጠይቂው» እያሉ መልእክታቸውን በእናታቸው እግር ይልካሉ። ሁለቱም ጨዋ ናቸው፣ ሁለቱም ለእናታቸው ጥሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ቤት ምሳ ሲበላ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው።

የዓይን ቀዶ ጥገናው ከታዘዘላት ሁለት ሳምንት ሆኗታል። የቀኝ ዓይኗ ነገሩን ሁሉ በላስቲክ ውስጥ እንዳለ አድርጎ ያሳያት ከጀመረ ከርሟል፤ መርፌውን የምታስገባው በጣቷ ዳብሳ ነው፣ የጥቁር ጨርቅ ሥራ ሲመጣ ዋጋ ከፍ አድርጋ ደንበኛው እንዲሄድላት ታደርጋለች። ሐኪሙ ቀላል ነገር ነው ብሏታል። ያልቀለለው «አንድ ሰው ይዘው ይምጡ» የሚለው ነው። ለማሙሽ ብትነግረው ሚጡ ከእኔ አስቀድመሽ ለሱ ትላለች፤ ለሚጡ ብትነግራት ማሙሽ አንገቱን ደፍቶ ክፍሉ ይገባል፣ የሱ ኩርፊያ ደግሞ ያስፈራል። ሁለቱን ጠርታ እንዳትነግራቸው አንድ ላይ ተቀምጠው የሚያወሩበት ቦታ የለም። ዛሬ ነገ ስትል ሐሙስ ሁለት ቀን ቀረው። አሁን ደግሞ ይህ መጣ። ማን የማንን ካርድ በስንት ሰዓት እንደከፈተ ፕሮግራሙ መዝግቦ እንደሚይዝ አሳምራ ታውቃለች፤ ለስንቱ ካርድ ሠራተኛ በኩራት አስረድታዋለች። መዝገቡ ተከፍቶ ማደሩን ከተናገረች ልጆቹ መጀመሪያ የሚያዩት የተከፈተውን ካርድ ነው። የተከፈተው ካርድ ደግሞ የሷ ነው።

ለትንሽ ጊዜ፣ አንዲት የሱሪ እግር ለመዘምዘም የሚበቃ ያህል፣ ዝም ልበል ብላ አሰበች። ከራስ በላይ ነፋስ ነው። ሐሙስን ጎረቤት ለምና ታልፈዋለች፤ መመሪያውንም ማሙሽ በሆነ ቀን አይቶ ያስተካክለው ይሆናል። ግን ስምንት መቶ ካርድ ማለት ሰፈሩ ማለት ነው። ከታች የሚኖረው ጥበቃ በኪሱ ደብቆ የሚውጠው መድኃኒት አለ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው አስተማሪ ለማንም ያልነገረችው፣ ለእናትየው ብቻ ቀሚሷን እያስለካች ሳለ እያለቀሰች የነገረቻት ነገር አለ፤ እሱም እዚያው ካርድ ላይ ነው። ዛሬ የደወለው ደግ ሰው ነው፤ ቀጥሎ የሚገባው ግን ላይደውል ይችላል። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠችና ወደ ማሙሽ ክፍል ሄደች።

ማሙሽ ነገሩን እስክትጨርስ አልጠበቀም። ገና «ምሳሌውን ገልብጦ ገባ» ስትል መመሪያውን ከፈተ፣ ፊቱም አመድ መሰለ። ትናንት አስራ አንድ ሰዓት ላይ አዲስ ገጽ ሲጽፍ፣ ምሳሌ የሚሆን ነገር ፍለጋ ከራሱ ፋይል ላይ ቆርጦ ለጥፎ ነበር፤ አድራሻውን፣ የበሩን ቁጥር፣ ስሙን፣ ቃሉን፣ አራቱንም። ሊቀይራቸው አስቦ ነበር፤ ከዚያ እራት ተጠራ። አሁን ገጹን በደቂቃ አጠፋው። ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ እዚያ ሜዳ ላይ የወጣ ነገር ቢጠፋም ዱካው እንደማይጠፋ፣ ያለው መላ ቃሉን መቀየር ብቻ እንደሆነ ለእናቱ ነገራት። ቃሉ ደግሞ በሁለት ቦታ ነው የሚኖረው። ዳታቤዙ ላይ እሱ ይቀይራል፤ ፕሮግራሙ ላይ ግን ቁልፉ ያለው በሚጡ እጅ ነው። እሱ ብቻውን ቢቀይር ፕሮግራሙ የድሮውን ቃል ይዞ ደጅ ቆሞ ይቀራል፣ ጤና ጣቢያውም ሰው ተሰልፎ ባለበት ሰዓት ይዘጋል። እኩል፣ በአንድ አፍታ መቀየር አለበት።

«ንገሪያት» አላት። «አዲስ ቃል ታዘጋጅና...»

«እግሬ ደክሞኛል ማሙሽ» አለች እናትየው። «ይሄን ራስህ ሄደህ ንገራት።»

«እማዬ፣ ትስቅብኛለች።»

«ይሳቅብህ። ተስቆብህ አታውቅማ።»

ሳሎኑ ድረስ ተከትላው ወጣችና መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ አልነዳችውም። የማሙሽን እርምጃ በጆሮዋ ቆጠረች፤ ስድስተኛው ላይ ቆመ፣ ቀጠለ። በሩን ሲያንኳኳ ሚጡ «ግቢ» አለች፤ በሦስት ወር ውስጥ በሯን ያንኳኳችው እናቷ ብቻ ነበረችና።

«አጥፍቻለሁ ሚጡ» አለ ማሙሽ፣ በሩ ላይ እንደቆመ።

መመሪያው ላይ የለጠፈውን ነገራት፤ ሚጡም የጠፋውን ገጽ ዱካ ከፍታ ታነብ ጀመር። እናትየው ልጇን ታውቃታለች፤ ምላሷ ስለት ነው፣ ያ የማሙሽ ዓረፍተ ነገርም ሦስት ወር ሙሉ ትራሷ ሥር እንዳለ ታውቃለች። ዛሬ አውጥታ ብትወረውረው ማን ይፈርድባታል። ሜዳው ደግሞ ሰፊ ነው፤ አንድ መስመር ብትጽፍ ዓለም ያነበዋል።

«ስንት ሰው ገባ?»

«አንድ መሰለኝ። ገና አላጣራሁም። ሚጡ፣ የፈለግሽውን በይኝ።»

«ኋላ እልሃለሁ» አለች ሚጡ። «አሁን ላፕቶፕህን አምጣ። እዚህ ጠረጴዛዬ አይበቃንም።»

የሚበቃው የመቁረጫው ጠረጴዛ ብቻ ነው። እናትየው ቁርጥራጩን ጨርቅና ሜትሩን ጠርጋ ቦታ ለቀቀችላቸው። ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ክርናቸው እንዳይነካካ በመሀላቸው አንድ ስንዝር ትተዋል። ጀርባዋን ሰጥታቸው መኪናዋ ላይ ብትሆንም በደንበኞች መስታወት ውስጥ ይታዩአታል፤ በግራ ዓይኗ ጥርት ብለው፣ በቀኙ ሁለት ጥላ ሆነው። ማሙሽ አጎንብሶ፣ ሚጡ ቀጥ ብላ፤ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ሚጡ ኮምፒውተሩ ያወጣላትን አዲስ ቃል አንድ በአንድ ታነብለት ጀመር፤ ፊደል፣ ቁጥር፣ ቁጥር፣ ትልቁ ፊደል፣ አይ ትንሹ፣ እንደገና። ሃያ አራት ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ረዘም አድርገው የተነጋገሩት የመጀመሪያ ነገር ትርጉም የሌለው ቃል ሆነ። እናትየው ግን ከማንኛውም ጨዋታ በላይ ጣማት፤ ሆኖም የሰው መግቢያ ነውና እንዳትሰማው ብላ መኪናዋን ባዶውን ነዳችው።

«ዝግጁ?» አለች ሚጡ።

«ዝግጁ።»

«አሁን።»

ሁለቱም እኩል ነኩ። እናትየው እግሯን አቆመች። ሚጡ የጤና ጣቢያውን ገጽ ከፈተች፣ ጠበቀች፣ ደግማ ከፈተች። ስምንት ሴኮንድ ያህል ፈጀ። ከዚያ መጣ፤ የካርድ ክፍሉ ተራ እየሄደ ነው፣ አንድም ሰው አልነቃም። ማሙሽ ወንበሩን ደገፍ ብሎ ሳያስበው «ጎበዝ» አላት፣ ድሮ ፊደል ሲያስቆጥራት እንደሚላት። ሚጡ አልተቆጣችም። ከውጭ የሚያስገባውን በር ዝጋው፣ ፕሮግራሙ ካለበት ሰርቨር በቀር ማንንም እንዳያስገባ አለችው፤ ዘጋው። ከዚያ «እስቲ ማን ምን እንዳየ እንይ» ብላ መከታተያውን ከፈተች፤ እናትየውም መስታወቱን ማየት ተወች።

አንድ ሰው፣ አንድ ካርድ። ሰውዬው እውነቱን ነው። ሚጡ ካርዱን ከፈተችው። እናትየውን ከጀርባዋ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር እያነበቡ መሆኑን ትከሻዋ ነገራት።

«እማዬ» አለች ሚጡ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሐሙስ የት ነው የምትሄጂው?»

ገበያ ልትል ነበር። ተወችው። ወንበሯን አዙራ አየቻቸው፤ ማሙሽ መነጽሩን አውልቆ ይዟል።

«ለማን ቀድሜ ልንገር?» አለች። «እናንተ እንደሁ አትነጋገሩ። አንድ ሰው ይዘሽ ነይ አሉኝ። ሁለት ልጅ ወልጄ አንድ ሰው አጣሁ።»

ልትቆጣ አልነበረም የተናገረችው፤ ለሁለት ሳምንት በሆዷ የያዘችውን ነው ያወጣችው። ማሙሽ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። ሚጡ ተነሥታ መጣችና ወለሉ ላይ፣ ከተቆራረጠው ክር መሀል ቁጭ ብላ ራሷን እናቷ ጉልበት ላይ ጣለች፤ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች ታደርግ እንደነበረው። እናትየው የአንዷን ፀጉር እያሻሸች ሌላውን አየችው፤ እሱም ወንበሩን ይዞ ቀረበ። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ስለ ዓይኗ ጠየቋት። ከመቼ ጀምሮ፣ የቱ ጋ፣ ያማል ወይ፣ እንዴት መርፌ ታስገቢያለሽ። ሁሉንም መለሰች፤ አንዳንዱን አሳምራ።

ከምሳ በፊት ማሙሽ ስልክ አነሣ። የሚፈራውን ስልክ አንሥቶ ለሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ኃላፊ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን፣ አንድ ካርድ መታየቱን፣ የማን እንደሆነም። ኃላፊው በጽሑፍ አምጣልኝ አሉት። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሦስት ወር ወደኋላ ሄደና፣ ያ የጻፈው ዓረፍተ ነገር ሥር፣ አስራ አራቱ ሰዎች ባጸደቁለት ቦታ፣ «እኔም ትናንት ይህንኑ አድርጌዋለሁ። ያን ጊዜ ለእህቴ የተናገርኩት ልክ አልነበረም» ብሎ ጻፈ። ሚጡ ክፍሏ ሆና አነበበችው። ምሳ ላይ የእንቁላሉን ትልቁን ቁራሽ ወደሱ በኩል ገፋ አደረገችለት። «ለካ ማሙሽም ልጅ ነው» አለች፣ ወደ ሳህኗ እያየች። ማሙሽ ሳቀና ውሃ ትን አለው።

ጠቡ የተነሣው ከምሳ በኋላ ነው። ሐሙስ ማን ይሂድ? ማሙሽ እኔ ታላቅ ነኝ አለ። ሚጡ ሴት ከሴት ጋር ነው የሚሻላት አለች፤ አንተ ደም ስታይ ትወድቃለህ፣ ሐኪሞቹ እሷን ትተው አንተን ያስታምሙ? የዓይን ቀዶ ጥገና ደም የለውም አለ። አንብበሃል? አሁን አነበብኩ። እናትየው ሁለታችሁም ኑ ብትላቸው ሁለቱም እኩል ዞረው አይቻልም አሏት፤ ካርዱ ላይ «አብሮ የሚመጣ ሰው» የሚለው ቦታ አንድ ስም ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ያልተመዘገበ ሰው ደግሞ አይገባም። ይሄን አንድ ያደረገው ማን ነው አለ ማሙሽ። እኔ ነኛ፤ ግን ዳታቤዙ ላይ ለአንድ ብቻ ቦታ ያበጀኸው አንተ ነህ አለች ሚጡ። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ፤ ታች ያለው ጥበቃ እስኪሰማ። ልብስ ሰፊዋ ሱሪውን አንሥታ ወደ መርፌው መለሰችው። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ጭቅጭቅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ስታያቸው ሁለቱም ላፕቶፖች ተከፍተዋል፣ በመሀል የነበረው ስንዝርም የለም።

አስር ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው። ጠዋት መልሳ ደውላ አራቱን ነገሮች የራሱን አድርጎ እንዲያስገባ አስረድታው ነበር፤ አሁን መዝገቡ ባዶ ሆኖ ተከፍቶለታል፣ የራሳቸው ሰዎች መመዝገብ ጀምረዋል፣ ምስጋናውም ይቅርታውም አያልቅም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት አለ። ዛሬ ከሰዓት የወጣውን አዲሱን ፕሮግራም ነው የጫነው፤ ትናንት መመሪያው ላይ «አብሮ የሚመጣ ሰው» የሚለው አንድ መስመር ነበር፣ ዛሬ ሁለት ሆኗል። ስህተት ይሆን እንዴ?

እናትየው በመስታወቱ አየቻቸው። ማሙሽ የሚጡን ስክሪን በጣቱ እየነካ ነው፣ ሚጡ እጁን በመዳፏ እየመታች።

«ስህተት አይደለም ልጄ» አለችው። «አንዳንዱ ሰው ሁለት ልጅ አለው፤ ለዚያ ነው።»